በቆሎው ወደ ጎተራ ሳይገባ

ኅዳር ተጋምሷል። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ በገበዝ ማርያም በኩል ያለው ገጠር ጭምር፣ በቆሎው እየተቆረጠና እየተሸለቀቀ በየግቢው ይከመራል። ከተማ ላለነውም ከዘመድ የሚላክልን ኩንታል በዚህ ሰሞን ነው የሚደርሰን። ስለዚህ የዛሬው ጨዋታችን ስለ እህል እርጥበት ይሁን። «የነርስ ዓምድ በበቆሎ ምን አገባው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። በሁለት በኩል ያገባዋል። እርጥብ እህል ሻጋታ ያመጣል፤ ነቀዝ የፈላበት እህል ደግሞ ሰውን ወደ ክኒን ይወስዳል። ሻጋታውም ክኒኑም የሚገቡት ልጆቻችን የሚበሉበትና የሚተኙበት ቤት ነው።

በቆሎ ማሳ ላይ ሲደርስ ከክብደቱ ሲሶው ገደማ ውኃ ነው። ቅጠሉ ደርቆ፣ ሽፋኑ ነጥቶ ስናየው ያለቀለት ይመስለናል፤ ፍሬው ግን ውስጡ ገና ነው። ተፈልፍሎ ለወራት ለመቀመጥ የሚታመነው ከመቶው 13 እጅ ወይም ከዚያ በታች ውኃ ሲኖረው ነው። በጥርስ ሰብሮ ማየት፣ በመዳፍ አንቀርቅቦ ድምፁን መስማት የአባቶቻችን ዘዴ ነው፤ አልንቀውም፤ በጣም እርጥብ የሆነውን ይለያል። 16ን ከ13 ግን ጥርስ አይለይም። እህል የሚበላሸው ደግሞ በዚያች በሦስቷ ልዩነት ነው።

ምክንያቱም እህል ከተቆረጠም በኋላ ይተነፍሳል። ሲተነፍስ ሙቀትና ውኃ ያወጣል፤ እርጥብ ከሆነ አብዝቶ ይተነፍሳል፤ አብዝቶ ሲተነፍስ ራሱን የባሰ ያረጥባል። ጆንያ መሃል እጃችሁን ስትከቱ ሞቅ የሚላችሁ ለዚህ ነው። ሙቀቱ እርጥበቱን ወደ ላይ ይገፋዋል። ሌሊት የጣሪያው ቆርቆሮ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ያ እርጥበት ላብ ሆኖ ይንጠባጠባል። «ዝናብ ሳይነካው ከላይ በኩል ሻገተብኝ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ያጋጠመው ይህ ነው፤ ዝናቡ ከውስጥ መጥቶ ነው።

እንግዲህ ሰው ይህን እያወቀ ለምን በደንብ አያደርቅም? አንዱ ምክንያት ሚዛን ነው። 18 እጅ እርጥበት ያለው አንድ ኩንታል በቆሎ ወደ 13 ሲወርድ 94 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ስድስቱ ኪሎ ውኃ ነበር። ለሚሸጥ ሰው ግን ያ ስድስት ኪሎ ገንዘብ ነው። በልጅ ትምህርት ቤት ወጪና በማዳበሪያ ዕዳ የተያዘን ገበሬ በዚህ ልወቅሰው አልችልም። ከገበያ የምትገዙ ግን «ደርቋል» የተባላችሁትን በቀጥታ ወደ ጎታ አትገልብጡት።

አሁን ወደ ዋናው ዘዴ ልምጣ፤ ገንዘብ አያስወጣም። ክዳን ያለው የመስታወት ጠርሙስ ወይም የማር ብልቃጥ ውሰዱ፤ ታጥቦ በደንብ የደረቀ ይሁን። ጨው ፍጩና በፀሐይ ወይም በምጣድ ላይ አድርቁት፤ ከዚያ ይቀዝቅዝ። እህሉን እስከ ጠርሙሱ ሲሶ ሙሉ፣ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምሩ፣ ከድናችሁ ለአንድ ደቂቃ ያህል በደንብ ናጡት፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት አስቀምጡት። ጨው ከመስታወቱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ከመቶ 15 እጅ በላይ ውኃ አለውና ወደ ፀሐይ ይመለስ። ጨው ሳይለጠፍ ወደ ታች ከወረደ ከ15 በታች ነው። አየር ለሚያገኝ ጎተራ ይህ ሊበቃ ይችላል፤ ለሚታሸግ ከረጢት ግን አይበቃም፤ አንድ ሁለት ቀን ጥሩ ፀሐይ ጨምሩለት። ናሙናውንም ከክምሩ ላይ ብቻ አትዝገኑ፤ ከመሃልና ከሥር ውሰዱ።

ጨው ይህን የሚያውቀው በተፈጥሮው ነው። በዙሪያው ያለው አየር እርጥበቱ ከ75 በመቶ ሲያልፍ ጨው ውኃውን ይስብና ይረጥባል፤ ክረምት ጨዋችን የሚያለቅሰው ለዚህ ነው። የሚገርማችሁ፣ ውጭ አገር ሲጋር የሚባለውን ወፍራም ትንባሆ በትልልቅ የእንጨት ቁምሳጥን የሚያስቀምጡ ሰዎችም በዚሁ ጨው ይጠቀማሉ። እነሱ የሚፈሩት ትንባሆው እንዳይደርቅ ነውና የቁምሳጥኑን አየር 70 በመቶ ገደማ ላይ ይይዙታል። የእርጥበት መለኪያቸው እውነት ይናገር እንደሆነ ለማየትም በጥቂቱ ከረጠበ ጨው ጋር በተዘጋ ዕቃ ያስቀምጡትና 75 ያሳይ እንደሆነ ያያሉ። ትንባሆውን ለእነሱ እንተውላቸው፤ በዚህ ዓምድ ስለ ትንባሆ ያለኝን ታውቃላችሁ። ግን ለአንድ ጭስ ይህን ያህል የሚጨነቅ ሰው ካለ፣ እኛ ለልጅ ገንፎ በጠርሙስ ጨው መናጥ አይከብደንም።

ስታደርቁ ባዶ መሬት ላይ አታስጡ። የሻጋታው ዘር የሚኖረው አፈር ውስጥ ነው፤ ሸራ ወይም ንጹሕ ምንጣፍ ይነጠፍ። ስሱ አድርጋችሁ ዘርጉት፣ ቶሎ ቶሎ አገላብጡት፣ ጤዛ ሳይወርድ ማታ ሸፍኑት። በዱላ ተወቅቶ የተፈለፈለ በቆሎ ብዙ ፍሬው ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ሻጋታ ይገባል። ስለዚህ ሥራው ቢረዝምም በእጅ ወይም በደህና መፈልፈያ ቢፈለፈል እመርጣለሁ። ከፀሐይ ያነሳችሁትንም ትኩስ እያለ አትቋጥሩት፤ ይብረድ።

ስለ ጎተራ ሁለት ቃል። የድሮው ጎተራ ብልሃት አለው፤ ከመሬት ከፍ ብሎ በድንጋይ ወይም በእንጨት እግር ላይ ይቆማል፣ በጭቃና በእበት ይለሰናል፣ የሣር ክዳኑ እንደ ቆርቆሮ አያልበውም። አሁን አሁን ሌባ ተፈርቶ እህሉ በማዳበሪያ ከረጢት እየሆነ ወደ መኝታ ቤት ገብቷል። ፍርሃቱን አልፈርድበትም። ከገባ ግን መሬት ላይ አይቀመጥ፤ በእንጨት ርብራብ ላይ ይሁን፤ ከግድግዳውም ክንድ ያህል ይራቅ። የመሬት እርጥበት በጆንያው ሥር ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ግድግዳም እንደዚሁ።

አሁን ወደ ሻጋታው ልግባ፤ ይህን የጻፍኩበት ምክንያትም እሱ ነው። በበቆሎና በለውዝ ላይ ከሚበቅሉት ሻጋታዎች አንዳንዶቹ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫሉ። ይህ መርዝ የታወቀው በፈረንጆቹ 1960 በእንግሊዝ አገር ከመቶ ሺህ በላይ የተርኪ ጫጩቶች በድንገት ካለቁ በኋላ ነው፤ መኖአቸው ውስጥ የሻገተ የለውዝ ፋጉሎ ነበረበት። ከእኛ ቅርብ ደግሞ በ1996 ዓ.ም. በምሥራቅ ኬንያ፣ ማኩዌኒና ኪቱይ በሚባሉ አካባቢዎች፣ ሳይደርቅ ቤት ውስጥ የተከማቸ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። ዓይናቸው ቢጫ ሆነ፣ ሆዳቸው አበጠ፣ ጉበታቸው ወደቀ። እነዚያም እንደ እኛው የራሳቸውን ማሳ በቆሎ የበሉ ገበሬዎችና ልጆቻቸው ነበሩ።

እንዲህ በአንድ ጊዜ የሚገድለው ብዙ ሲሆን ነው። ጥቂት ጥቂቱ ግን ዓመታት ቆይቶ የጉበት ካንሰር ያመጣል፤ የጉበት ቫይረስ ቢ ባለበት ሰው ላይ ደግሞ አደጋው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ሕፃናት ከክብደታቸው አንጻር ብዙ ስለሚበሉ፣ ገንፏቸውም በየቀኑ ያው በቆሎ ስለሆነ፣ ከእኛ ይልቅ እነሱ ይጎዳሉ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 46 በመቶዎቹ ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት እንዳላገኙ አሳይቷል። ምክንያቱ ሻጋታ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም፤ የምግብ ማነስ፣ ተቅማጥ፣ የእናት ድካም ሁሉ አለበት። ሆኖም በሌሎች የአፍሪካ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ይህን መርዝ ከልጆች መቀጨጭ ጋር አያይዘውታል። እንደ ምዕራብ ጎጃም ባለ በቆሎ ተርፎት ለሌላው በሚሸጥ አገር ይህን ማሰብ አለብን።

ትልቁ ችግር እሳት ይህን መርዝ አለማጥፋቱ ነው። ብትቆሉት፣ ብታፈሉት፣ ብትጋግሩት አብዛኛው እዚያው አለ። ሻጋታውን በጨርቅ ጠርጎ፣ አጥቦ፣ አስጥቶ መፍጨትም አይበቃም፤ የሚታየው አረንጓዴ ይጠፋል እንጂ የገባው አይወጣም። የሚረዳው ለቀማ ነው። የቀለመውን፣ የተጨማደደውን፣ የተሰነጠቀውንና ነቀዝ የበላውን ፍሬ ለይቶ መጣል መርዙን በጣም ይቀንሳል። እዚህ ላይ ለሴት አያቶች ትልቅ አክብሮት አለኝ። ሰፌድ ይዘው ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው ሲለቅሙ የሚውሉት ማንም እንደ ሥራ አይቆጥርላቸውም፤ የልጅ ልጃቸውን ጉበት እየጠበቁ ነው።

ከለቀሙ በኋላ ግን የተለቀመው የት ይሄዳል? «ለጠላ ይሆናል፣ ለአረቄ ይሆናል፣ ለዶሮ ስጡት፣ ላሟ ትብላው።» በዚህ አልስማማም። ጠላ ውስጥ የገባው መርዝ በጠላው ይመጣል። ላም የበላችው ደግሞ በወተቷ ይወጣል፤ ያንን ወተት የሚጠጣው ያው ገንፎውን ያዳንንለት ልጅ ነው። የሻገተ ፋጉሎም እንዲሁ ነው። ይቃጠል ወይም ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበር። ለችግረኛ ቤት አንድ ቁና እህል መጣል እንደሚያምም አውቃለሁ። ለዚህ ነው ጠርሙሱና ጨው አስቀድመው ይምጡ የምለው።

ወደ ነቀዙ ልለፍ። ነቀዝ የሚጀምረው ማሳ ላይ ነው፤ ፍሬው ውስጥ እንቁላሉን ጥሎ ተሸክመነው እንገባለን። ሞቅ ባለ ቦታ በአንድ ወር ከጥቂት ቀን ውስጥ አዲስ ነቀዝ ይወጣል፤ አንዲቷ እናት በዕድሜዋ መቶዎች እንቁላል ትጥላለች። በጥር ጥቂት የነበረው በግንቦት ዱቄት የሚያደርገን ለዚህ ነው። ረጠብ ያለ ፍሬ ለጥርሱም ለእንቁላሉም ይመቸዋል። በደንብ የደረቀ በቆሎ ነቀዝን ፈጽሞ አይከለክልም፤ ኑሮውን ግን ያከብድበታል።

ሰው ያን ጊዜ ወደ ክኒኑ ይሮጣል። በገበያ የነቀዝ ክኒን የሚባለው አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። አየር ውስጥ ያለ እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ ነቀዙን የሚገድለው ጋዙ ነው። ያው ጋዝ ሰውንም ይገድላል። በጆንያ ያልፋል፣ በጭቃ ግድግዳ ስንጥቅ ያልፋል። ዓይን አያየውም፤ አንዳንዴ እንደ ነጭ ሽንኩርት ወይም እንደ ከረፋ ዓሣ ይሸታል፤ ካልሸተተ ግን የለም ማለት አይደለም። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ይህን ደግሜ እላለሁ፤ ሐኪም ቤት ብትደርሱም ማርከሻ የለውም፤ ሐኪሞች ማድረግ የሚችሉት ልብና ትንፋሽን መደገፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ ባለ እህል ላይ ክኒን ፈጽሞ አይደረግ። ትርፉም «ለከርሞ ይሆናል» ተብሎ መደርደሪያ ላይ ወይም ትራስ ሥር አይቀመጥ። ለሕፃን እጅ ብቻ ሳይሆን ሆድ ለባሰው ሰው እጅም ቅርብ መሆን የለበትም። በሥራ ዘመኔ በዚህ ምክንያት የመጡ ወጣቶችን አይቻለሁና ይህን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት።

ክኒን ካለበት ቤት የተኛ ሰው ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ደረት መጨነቅ፣ ማዞር ከተሰማው ሁሉንም ሰው ወዲያው ወደ ውጭ አውጡ፤ የታመመውንም ያልታመመውንም። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል። የክኒኑ ዕቃ ውጭ ካለ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለመፈለግ ብላችሁ ግን ተመልሳችሁ አትግቡ።

በክኒኑ ፈንታ ሦስት ድርብ ያለው፣ ፒክስ የሚባለው ከረጢት አለ። የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ1980ዎቹ ፈረንጅ ዓመታት ካሜሩን ውስጥ ለጥራጥሬ ብለው የጀመሩት ነው። ውስጡ ሁለት ወፍራም ላስቲክ፣ ከላይ የተለመደው ማዳበሪያ ነው። አየሩ ተጨምቆ ወጥቶ ሦስቱም ለየብቻ ይታሰራሉ፤ ውስጥ የቀረው ነቀዝ የቀረውን አየር ጨርሶ መብላት ያቆማል፣ ይሞታል። መርዝ የለበትም። ዋጋው ከተራው ይበልጣል፤ ካልተቀደደ ግን ከአንድ ዓመት በላይ ያገለግላል። አይጥ እንዳይበሳው ዙሪያውን ማጽዳት ነው። እርጥብ እህል የታሸገበት ከሆነ ግን ውስጡ ይኮመጥጣል፤ ከረጢት አያደርቅም።

የቡሬና የጃቢ ጠህናን በርበሬ ነገርም ሳይነሳ አይቀርም። ዛላው ሲጫን እንዳይሰባበር ውኃ ይረጩበታል፤ ሚዛንም ያነሳላቸዋል። ያው ሻጋታ በርበሬም ላይ ይወጣል፤ ውስጡን ካልከፈቱት አይታይም። ዛላ ስትገዙ አንድ ሁለቱን ሰንጥቃችሁ እዩ፤ ውስጡ ግራጫ ወይም ጥቁር አቧራ ካለው ተዉት። የተፈጨ ከመግዛት ዛላ ገዝቶ ማስፈጨት የምመርጠውም ለዚህ ነው።

እህሉ ከገባ በኋላ በየወሩ አንድ ቀን ቁረጡለት። በተራው ጆንያ ወይም በጎተራው ክንዳችሁን እስከ ክርናችሁ አስገቡ፤ ከሞቀ ወይም የጠላ አሻሮ የመሰለ ሽታ ከመጣ፣ ያን ቀን ሌላ ሥራ ትታችሁ አውጡና አስጡት። የታሸገውን ፒክስ ግን ያለ ጉዳይ አትክፈቱ። ለሚቀጥለው ሳምንት ስለ አያቶች የደም ግፊት መድኃኒት አወሳሰድ የጠየቃችሁኝን ይዤ እመጣለሁ።