ዘግይቶ ለተከፈተ በር ምስጋና የለንም

የማሪያን አንደርሰን ነገር በተነሣ ቁጥር ከመካከላችን አንዱ ብድግ ይልና «አያችሁ፣ ችሎታ ያለው ሰው ተደብቆ አይቀርም፤ ታግሣ ታግሣ በመጨረሻ አሸነፈች» ይላል። ጭብጨባው ይቀልጣል። እኛ ግን አናጨበጭብም። ለምን ቢሉ፣ ይህ አባባል ተበዳይዋን ያሞገሰ መስሎ በዳዩን ነጻ የሚያወጣ ነውና።

እስቲ ከሥሩ እንየው። ማሪያን በ1897 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ፊላደልፊያ ከድሃ ጥቁር ቤተሰብ ተወለደች። አባቷ በልጅነቷ ሞተ። ለድምፅ ትምህርቷ ገንዘብ ያዋጡላት የቤተ ክርስቲያኗ ምዕመናን ናቸው። በከተማው የነበረ አንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ድምፅዋን እንኳ ሳይሰማ በቀለሟ ብቻ መለሳት። በ1925 የኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክን ውድድር አሸነፈች፤ የአገሯ ታላቅ ኦፔራ ቤት ግን አልጠራትም። ስሟ የገነነው በ1930ዎቹ አውሮፓ ተሻግራ ነው። ያ ቁጡ የሙዚቃ መሪ ቶስካኒኒ ሳይቀር፣ በ1935 ሳልዝቡርግ ላይ ሰምቷት፣ እንዲህ ያለ ድምፅ በመቶ ዓመት አንዴ የሚሰማ ነው ብሎ መሰከረ።

ታዲያ በ1939 አገሯ ስትዘፍን ምን ገጠማት? ዋሽንግተን የሚገኘው የኮንስቲትዩሽን አዳራሽ ባለቤቶች «ለነጭ ብቻ» ብለው ከለከሏት። የማኅበሩን ስም ልብ በሉልን፤ «የአሜሪካ አብዮት ሴት ልጆች»! የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ኤሊኖር ሩዝቬልት ከማኅበሩ ወጡ። ማሪያንም በፋሲካ ዕለት፣ ሚያዝያ 9፣ በሊንከን ሐውልት ደጃፍ ቆማ 75 ሺህ ለሚሆን ሕዝብ ዘፈነች።

ከዚያም በኋላ የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ 16 ዓመት ዝም አለ። በሩን የከፈተላት ጥር 7 ቀን 1955፣ ዕድሜዋ 58 ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው! ደግሞ በምን ሚና? በቬርዲ «የጭምብል ዳንስ» ውስጥ፣ በኡልሪካ። በድርሰቱ ዳኛው ስለ ጥቁር ደሟ በጥላቻ የሚናገርባት ጠንቋይ ማለት ናት። ሌላ ሚና በኦፔራ መድረክ አልተጫወተችም።

«ቢሆንም እኮ ለሌሎች መንገድ ከፈተች» የሚሉን አሉ። ልክ ናቸው። በዚያው ወር ሮበርት ማክፌሪን፣ በ1961 ሊዮንቲን ፕራይስ በዚያው መድረክ ቆመዋል። ይህ ግን የእሷ ክብር እንጂ የቤቱ ቸርነት አይደለም። ነጭ ዘፋኝ ለመግባት ጥሩ ድምፅ ይበቃው በነበረበት ቤት፣ ጥቁሯ የመቶ ዓመት ድምፅ ይዛም 30 ዓመት ደጅ ጠንታለች። እሺ፣ የእሷን ያህል ዝና የሌላቸው፣ ግን ከነጮቹ የማያንሱት የት ገቡ? ስማቸውን ማን ያውቃል? «ችሎታ አይደበቅም» የምንለው የተደበቀውን ስላላየነው ነው!

ኦፔራን ብንወድም ባንወድም ጉዳዩ ይመለከተናል። ደጅ ለቆመ ሰው ሁሉ «ታገሥ» ማለት ውስጥ ለተቀመጠው ቀላል ነው፤ እኛም ዛሬ በትምህርት አጥር ውስጥ የተቀመጥን ነን። በ20ዎቹና በ30ዎቹ ዕድሜዋ ልትጫወታቸው ትችል የነበሩትን ሚናዎች ማንም አልሰማቸውም፤ በ1993 ስታርፍ አብረዋት ተቀበሩ። ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ታሪኳን ስታወሩ «ታገሠች» አትበሉን። «ተከለከለች» በሉ፤ ማን እንደ ከለከላትም ጨምሩበት።