የብስክሌት መንገዱ ተሠራ፤ ማን ይንዳበት?

ማለዳ ወደ ባሕር ዳር ከሚያስገቡት መንገዶች በአንዱ ዳር ለቆመ ሰው ቀድሞ የሚያልፈው ብስክሌት ነው። ከዙሪያው ቀበሌዎች የሚመጣው አርሶ አደር የወተት ጀሪካኑን ከኋላ አስሮ፣ ሌላው የሣር ሸክሙን ከራሱ ቁመት በላይ ከምሮ ይገባል። የቀን ሠራተኛውም አብሯቸው ነው። ፀሐይ ከፍ ስትል ያው መንገድ የባጃጅ ይኾናል።

ባሕር ዳር በሀገሪቱ ከብስክሌት ጋር ስማቸው ከሚነሣ ጥቂት ከተሞች አንዷ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ፣ በጣና ዳርቻ በሜዳማ ቦታ የተቆረቆረች በመኾኗ ማርሽ የሌለው ብስክሌትም ያለ ብዙ ድካም ከጫፍ ጫፍ ያደርሳል። ባጃጅ ከመጣ ወዲህ ግን ብስክሌት አቅም ያጣ ሰው መጓጓዣ ተደርጎ መታየት ጀምሮ ነበር። አሁን ነገሩ እየተመለሰ ይመስላል። ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት እና 43 ሜትር ስፋት ያለው ሲኾን ለእግረኛ እና ለብስክሌት የተለየ መስመር ተሠርቶለታል። የኮሪደር ልማቱም የብስክሌት መስመር ይዞ መጥቷል። በ2012 ዓ.ም. ይፋ የኾነው ሀገር አቀፍ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ የሚያልመውም ይህንኑ ነው።

ይሁን እንጂ መንገድ ሲሠራ ነጂ አብሮ አይሠራም። ለዓመታት ኮርቻ ላይ ያልወጣ የቢሮ ሠራተኛ፣ ልጅነቷን ያለ ብስክሌት ያሳለፈች እናት፣ መኪና የሚፈራ ታዳጊ አስፋልቱ ስለተቀባ ብቻ አይወጡም። ሌሎች ሀገራት ይህን ክፍተት የሞሉት በቀላል ዘዴ ነው፤ ክፍያ የሌለው፣ መንገድ የሚያውቅ ሰው የሚመራው የቡድን ጉዞ።

የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየእሑዱ እና በበዓላት ቀን ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ለብስክሌት እና ለእግረኛ ትለቅቃለች። በኮረብቶች ላይ የተሠራችው የሩዋንዳዋ ኪጋሊም ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከመኪና ነጻ እሑዶች አሏት፤ በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያውን የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና በእነዚያው ዳገቶች ላይ አስተናግዳለች። በብሪታኒያ በ2011 እ.ኤ.አ. የተጀመረ የሴቶች ብቻ ጉዞ አለ። ሥልጠና የወሰዱ በጎ ፈቃደኛ ሴቶች ይመሩታል፤ ተሳታፊዎች አይከፍሉም። በሀገራችንም ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው “መንገድ ለሰው” ለዚህ ሐሳብ ቅርብ ነው። ልዩነቱ በመንገድ ለሰው መንገዱ ይዘጋል እንጂ መሪ የለም፤ ያልለመደ ሰው ከተዘጋው መንገድ ሲወጣ ተመልሶ ከመኪናው ጋር ይጋፈጣል።

የቡድን ጉዞ አሠራሩ ውስብስብ አይደለም። አንድ መሪ ከፊት፣ አንድ ጠባቂ ከኋላ ይኾናሉ። ፍጥነቱን የሚወስነው ደካማው ነጂ ነው። ከመነሳት በፊት ጎማ፣ ሰንሰለት እና ፍሬን ይታያሉ። በባሕር ዳር ሜዳ ላይ ይህ ፍተሻ ትርፍ ጣጣ ሊመስል ይችላል። ዓባይን ቁልቁል ወደሚያየው ቤዛዊት ኮረብታ ለወጣ ግን ወሳኝ ነው። ዳገቱን መውጣት ያቃተው ወርዶ ይገፋል፤ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን የከዳው ግን መውረጃ የለውም። የተበላ የፍሬን ላስቲክ በዝናብ በረጠበ ቸርኬ ላይ ይብሳል፤ ይህን አርባ ኪሎ ጭኖ ለሚነዳ አርሶ አደር ማስረዳት አያስፈልግም። እንደ ጎንደር ባለች ተራራማ ከተማማ ያለ ፍተሻ ጉዞ መጀመር ጨርሶ መታሰብ የለበትም።

እዚህ ላይ ሳይነሣ የሚታለፍ ጉዳይ አለ። አዳዲሶቹ መስመሮች ሲታቀዱም ሲመረቁም የሚነሣው የመዝናኛ እና የጤና ጥቅማቸው ነው። በየቀኑ በብስክሌት የሚኖረው አርሶ አደር ግን በተጠቃሚነት ሲቆጠር እምብዛም አይሰማም። የቡድን ጉዞ ቢጀመር የከተማ ወጣቶች የእሑድ ትርኢት ኾኖ እንዳይቀር መሪዎቹን ከእርሱ መካከል መምረጥ ይቻላል። የትኛው መታጠፊያ ላይ አሸዋ እንደሚከማች፣ የትኛው ቦይ በክረምት እንደሚሞላ፣ የትኛው ማሳ ዳር ማለፍ ሰብል እንደማይጎዳ ከእርሱ የሚበልጥ የሚያውቅ የለም። ለሥራውም አበል ይገባዋል፤ “በነጻ” የሚባለው ለተሳታፊው እንጂ ቀኑን ለሚሰጠው መሪ መኾን የለበትም።

ጉዞው ማረፊያ ሲኖረው ደግሞ ገዥ ይዞ ይመጣል። ሠላሳ ሰው በእሸት ወቅት አንድ የበቆሎ ማሳ ዳር ቢያርፍ፣ ወይም ወተት እና ማንጎ ከአምራቹ እጅ ቢገዛ ለባለማሳው ገበያው ደጁ ድረስ መጣለት ማለት ነው። ሰዓቱም ሊታሰብበት ይገባል። እሑድ ማለዳ ቅዳሴ አለ፤ በገበያ ቀን ደግሞ የቡድን ጉዞ ሸክም ጭኖ የሚገባውን ሰው ያደናቅፋል።

ከሁሉ የሚከብደው ሰላም ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት እንኳን ለመዝናናት፣ ለገበያም ከከተማ መውጣትን አሳሳቢ አድርጎታል። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የሚደረግ ጉዞ ለጊዜው ምኞት ነው። በከተማዋ ውስጥ፣ በሐይቁ ዳርቻ እና በድልድዩ ላይ ቀን በቀን የሚደረግ አጭር ጉዞ ግን ብዙ አይጠይቅም፦ ጥቂት የሠለጠኑ መሪዎች፣ አንድ ጎሚስታ ከነመሣሪያው፣ የትራፊክ ፖሊስ ትብብር እና ብስክሌት ለሌለው የሚኾኑ ጥቂት ብስክሌቶች። የኪራይ ብስክሌት ቤቶች በማለዳ ሥራ በማይበዛባቸው ሰዓት ለዚህ ቢጠየቁ ፈቃደኛ የሚኾኑ አይጠፉም።

ከከተማዋ ወጣ እንዳሉ የብስክሌቱ መስመር ያበቃል። ከዚያ በኋላ ወተት የጫነው አርሶ አደር የአስፋልቱን ጠርዝ ይዞ፣ ሲኖትራክ በመጣ ቁጥር ወደ ጠጠሩ እየወረደ ይሄዳል። የከተማ ነዋሪው አንድ ቀን እንኳ በመሪ ታጅቦ እስከዚያ ጠርዝ ቢደርስ መስመሩ ለምን ጥቂት ኪሎ ሜትር እንዳልተጨመረለት የሚጠይቁት ሁለት ይኾናሉ።