አነበበው፤ ግን ገባው?

ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ፣ የ3ኛ ክፍል ተማሪ፣ አንድ ገጽ ሳይደናቀፍ አነበበልኝ። «ጎበዝ!» አልኩትና «እሺ፣ ፍየሏን ማን አገኛት?» ብዬ ጠየቅኩት። ዝም። ከዚያ ገጹን እንደገና ከላይ ጀምሮ ያነበንበው ጀመር።

ልጁ ሰነፍ አይደለም። ያስተማርነው ድምፅ ማውጣት ነው፤ እሱም እሱኑ ቻለ።

ነገሩ የእኛ ቤት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ ካነበቡት ከተጠየቁት አንዱንም አልመለሱም። በዓለም ባንክ ግምት ደግሞ በ10 ዓመታቸው ቀላል ጽሑፍ አንብበው የማይረዱት ከ100 ልጆች 90 ገደማ ናቸው። እኛ የምንደነግጠው 12ኛ ክፍል ላይ ነው። በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ግን ጥያቄው ያልገባው ልጅ ፊዚክሱንስ እንዴት ይሥራው?

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ እንዲህ አየዋለሁ፦ ክፍል መግባት ወጪ ነው፣ መረዳት ትርፍ። እኛ «ስንት ልጅ ተመዘገበ?» እያልን ወጪውን ብቻ ስንቆጥር ኖርን።

አማርኛ ራሱ ሳይገባህ አይነበብም። «ገና»ን እዩት፤ ሲጠብቅ በዓል ነው፣ ሲላላ ሌላ። የቱ እንደሆነ የሚነግርህ ፊደሉ ሳይሆን ሐሳቡ ነው። ግሱም የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ፊደል በፊደል የሚለቅም ልጅ እዚያ ሲደርስ መነሻውን ረስቶታል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ክፍል ውስጥ፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ መምህሩን ተከትሎ ሲያነብ ያልገባው ልጅ ይደበቃል። «ማን? የት?» የሚል ጥያቄም መልሱ ከገጹ ይገለበጣል። «ለምን? አንተ ብትሆንስ?» ማለት ግን በጀት አይጠይቅም።

ቤት ውስጥ ደግሞ ተራው የእኛ የታላላቆች ነው። በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል። መሃል ላይ አስቁሙና «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስልሃል?» በሉት፤ ሲጨርስ በራሱ አፍ ያውራላችሁ። ማንበብ የማትችል እናትም ይህን መጠየቅ ትችላለች፤ «ተረት ተረት» «የላም በረት» እያሉ ያሳደጉን አያቶች ያደረጉት ይህንኑ ነው። መጽሐፍ ከሌለ ስልካችሁ አለ፤ አፍሪካን ስቶሪቡክ ላይ የአማርኛ ተረቶች በነፃ ይገኛሉ።

እኛ ቤት ከጀመርን ሦስት ሳምንት ሆነን። ትናንት ማታ ልጁ ራሱ ንባቡን አቆመና «ቆይ ግን፣ እረኛው ለምን ብቻዋን ተዋት?» አለኝ።

መልሱ ገጹ ላይ አልነበረም።