በቅርብ ቀን

ከአማርኛ ሐረጎች ሁሉ እንደ «በቅርብ ቀን» ያለ ውሸታም አላጋጠመኝም። «ነገ ተመለስ» የሚለው የቢሮ አማርኛ እንኳ ቢያንስ ቀን ቆርጦ ነው የሚዋሸው። «በቅርብ ቀን» ግን ቀንም የለው፣ ዋስም የለው። የፊልም ማስታወቂያ ላይ ከተዋናይቷ ፀጉር በላይ በቀይ ተጽፎ ስታዩት የዛሬ ሳምንት ይመስላችኋል። ዝናብ ይመታዋል፣ ፀሐይ ያነጣዋል፣ የተዋናይቷ ፊት ይጠፋል፤ «በቅርብ ቀን» ብቻ ደህና ሆኖ ይቀራል።

ይህን ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም። ባለፈው ዓመት ለለቅሶ ወደ ምዕራብ ሸዋ ሄጄ ነበር። ከተማዋን አልጠራትም፤ ጊንጪም ትሁን ጉደር፣ ገዶም ትሁን ባኮ ለነገሬ ለውጥ የለውም፤ ደግሞም ስሟን ብጠራ ጦሱ ለማን እንደሚተርፍ አውቃለሁ። በሦስተኛው ቀን ከድንኳኑ ወጥቼ እግሬን ሳፍታታ የሕዝብ አዳራሹ በር ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት አየሁ። በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ «የወሩ የፊልምና የቴአትር ፕሮግራም» ይላል። አራት ቅዳሜዎች፣ ሁሉም በ8 ሰዓት። አንዱ ቅዳሜ የአማርኛ ፊልም፣ አንዱ የአፋን ኦሮሞ ፊልም፣ ሁለቱ ደግሞ መድረክ ላይ ሲታዩ በካሜራ የተቀረጹ ቴአትሮች። መግቢያ 20 ብር። ከታች በትንንሽ ፊደል «ከትዕይንቱ በኋላ ውይይት አለ» ይላል። አንድ ሰው ይህን በእስክሪብቶ፣ በማስመሪያ አስምሮ፣ ሁለት ጊዜ ጽፎታል። ልቤ ተነካ ብል አጋነንክ አትበሉኝ።

ቅዳሜ በ8 ሰዓት ዘመዶቼን «መጣሁ» ብዬ ሾልኬ ሄድኩ። ለቅሶ ጥሎ ቴአትር! አክስቴ እስከ ዛሬ አልማረችኝም። በሩ ላይ ስደርስ አርባ የሚሆኑ ልጆች የአጥሩ ግንብ ላይ ተደርድረዋል፤ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌም መሀላቸው አሉ። በሩ ዝግ ነው። «አባባ፣ ምን ሆነ?» አልኩ ዘበኛውን።

«ስብሰባ ነው» አሉኝ።

«ስለምን?»

«ስለ ወጣቶች የትርፍ ጊዜ አጠቃቀም።»

ቀልድ ፈጠረ እንዳትሉኝ። እንዲህ ያለ ቀልድ መፍጠር ብችል ኖሮ ዓምድ ጸሐፊ ሳይሆን ኮሜዲ ደራሲ ሆኜ በበለጸግሁ። በመስኮቱ አጮልቄ አየሁ። ለፊልሙ ተለምኖ የተገኘው ፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ «የትኩረት አቅጣጫዎች» የሚል ጽሑፍ ያበራል። ከፊት የተቀመጡት የታሸገ ውኃ ይጠጣሉ፤ ከኋላ የተቀመጡት ያንቀላፋሉ። ከደጅ ደግሞ የትርፍ ጊዜው ባለቤቶች ትርፍ ጊዜያቸውን ግንብ ላይ ይጨርሳሉ።

ፕሮግራሙን ያዘጋጀው ወጣት መምህር ነው። ወረቀቱ ፊት ቆሞ አገኘሁት። ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ፣ ቀኑን ሰረዘ፣ በላዩ «በቅርብ ቀን» ብሎ ጻፈ። «ጋሼ፣ ሦስተኛ ጊዜዬ ነው» አለኝ። አልተናደደም። እኔን ያናደደኝ እሱ አለመናደዱ ነው።

እኔ ያደግሁት አምቦ፣ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። የጭቃ ቤት፣ በጥቁር ላስቲክ የተሸፈነ መስኮት፣ ሚዛኑ የጠፋ አግዳሚ ወንበር፣ 50 ሳንቲም። በር ላይ በተደገፈው ጥቁር ሰሌዳ ከሰዓት «የህንድ» ወይም «ቫንዳም» ተብሎ በጠመኔ ይጻፋል። ቋንቋውን የሚያውቅ ስለሌለ ከፊት የሚቀመጥ አንድ ጎረምሳ ጮክ ብሎ በአፋን ኦሮሞ ያስረዳን ነበር። እሱም እንግሊዝኛ አያውቅም። ኋላ አድጌ አንዳንዶቹን ፊልሞች ደግሜ ሳያቸው ታሪኩ እሱ ከነገረን ጋር ፈጽሞ የማይገናኝ ሆኖ አገኘሁት፤ እውነቱን ለመናገር የእሱ ይሻል ነበር።

ያ የቪዲዮ ቤት ሰውዬ ምሁር አልነበረም። የባህል ፖሊሲ አላነበበም። ነገር ግን ሰሌዳው ላይ በጠመኔ የጻፈውን አንድም ቀን አላጠፈም። መብራት ቢጠፋ እንኳ ሳንቲማችንን መልሶ «ነገ በዚሁ ሰዓት» ይለናል፤ ነገም በዚያው ሰዓት ይከፍታል። የ50 ሳንቲም ደንበኛውን አክብሮ። ለሕዝብ የተሠራው፣ በሕዝብ ስም የሚጠራው አዳራሽ ግን ለሕዝቡ ቀጠሮ ማክበር አቃተው።

ከዚያ በኋላ ቪዲዮ ቤት ልጆች ያበላሻል ተባለ። ያበላሽ ነበር፤ አልክድም፤ ከትምህርት ቤት የፎረፍነው ወደዚያ ነበር። ግን ቪዲዮ ቤቱ ሲዘጋ ልጁ በቀጥታ ቤተ መጻሕፍት የሚገባ መስሎን ነበር። ልጁ የሄደው የእንግሊዝ ኳስ ወደሚታይበት ቤት ነው፤ ቀጥሎ ጫት ወደሚቃምበት፤ በቅርቡ ዘመን ደግሞ የኳሱን ውጤት ወደሚወራረድበት። አንድ በር ስትዘጋ ሌላ ካልከፈትክ ሌላው ራሱን ይከፍታል፤ ለዚያውም ደረሰኝ ሳይቆርጥ።

መቼም ይህ ነገር በየትም አገር ከተማ ቢሆን ያስቆጫል፤ በአምቦና በዙሪያዋ ሲሆን ግን ያሳፍራል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. የተወለደው አምቦ አጠገብ፣ ቦዳ ነው። የመጀመሪያ ድርሰቱን የጻፈውም የአምቦ ተማሪ ሳለ ነው፤ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስና ስለ ሁለቱ ወንድማማቾች፤ ተማሪዎች ሲጫወቱት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተገኝተው አይተውለታል። ልብ በሉ፤ ይህ የሆነው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ከመከፈቱ በፊት ነው። ያ ልጅ አድጎ የዚያ ቴአትር ቤት የጥበብ ኃላፊ ሆነ። ኦቴሎን፣ ሐምሌትን፣ ማክቤዝን በአማርኛ አናገራቸው። የኦዳ ዛፍን በርእሱ የያዘ ድራማውን በእንግሊዝኛ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1965 በኦክስፎርድ አሳተመ። በየካቲት 1998 ዓ.ም. ኒው ዮርክ አርፎ አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ተቀበረ። ታዲያ የእሱን ቴአትር ማየት የሚፈልግ የቦዳ ልጅ ዛሬ የት ይሂድ? አዲስ አበባ። ያውም ሲታይ ከደረሰ፣ ያውም መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ ያውም ማደሪያ ዘመድ ካለው። የአምቦን ውኃ አገር ሁሉ ጠርሙስ ከፍቶ ይጠጣል፤ የአምቦን ቴአትር አምቦ አትቀምስም።

ይህን ለአንድ የባህል ሹም ብነግራቸው አንገታቸውን ነቀነቁ። «ልክ ነዎት፤ ሙሉ የቴአትር ቡድን ከአዲስ አበባ ለማስመጣት በዕቅድ ተይዟል» አሉኝ። «በዕቅድ ተይዟል» የ«በቅርብ ቀን» ታላቅ ወንድም ነው። ሃያ ሰው ከነአልባሳቱ፣ ከነመብራቱ፣ ከነአበሉ ጊንጪ ድረስ የሚያመጣ በጀት እስኪገኝ፣ ዛሬ ግንቡ ላይ የተቀመጡት ልጆች ልጅ ይወልዳሉ። የተቀረጸው ግን የሚመጣው በአንዲት ፍላሽ ነው።

እዚህ ላይ የሙያው ሰዎች ይቆጡኛል። «የተቀረጸ ቴአትር ቴአትር አይደለም፤ ሬሳ ነው፤ የተዋናዩ ትንፋሽ የለበትም» ይሉኛል። ግማሹን እቀበላለሁ። ተዋናዩ ሲያለቅስ ከፊት ወንበር ሆኖ ማየትና ግድግዳ ላይ ማየት አንድ አይደለም። ግን ይህን ክርክር ሁልጊዜ የምሰማው ከቤቱ እስከ ብሔራዊ ቴአትር በእግሩ መሄድ ከሚችል ሰው ነው። የጠገበ ሰው ስለ ቂጣና ስለ እንጀራ ልዩነት ለተራበ ሲያስረዳ ያስቃል። የእንግሊዝ ብሔራዊ ቴአትር ከለንደን ውጭ ያለው ሕዝብ እንዳይቀርበት ብሎ በሰኔ 2001 ዓ.ም. ሔለን ሚረን የተጫወተችበትን የራሲንን «ፌድር» በካሜራ ከመድረኩ በቀጥታ በአገሪቱ ውስጥ ከሰባ በሚበልጡ ሲኒማ ቤቶች አሳየ። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ቀድሞት ነበር። ዛሬ በእንግሊዝ የገጠር ከተማ ጡረተኞችና ተማሪዎች በአዳራሻቸው ሐምሌትን እንዲህ ያያሉ። የለንደኑ ቴአትር ቤት በዚህ የተነሣ በሩን አልዘጋም። ሐምሌትን ወደ አማርኛ ያመጣው ሰው አገር ግን ሐምሌትን በግድግዳም በመድረክም አላየንም፤ ትንፋሹ እስኪመጣ እየጠበቅን ነው።

ሌላው ተቃዋሚዬ የእኔው የወንድም ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ስልክ አለ እኮ፣ ዩቲዩብ አለ። ማን አዳራሽ ይሄዳል?» ይለኛል፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ። ስልክ መኖሩን አውቃለሁ። ግን በስልክ ብቻህን ነህ። ሲሰለችህ ታልፈዋለህ፤ ሲያሳፍርህ ትዘጋዋለህ። አዳራሽ ውስጥ አታልፈውም። ከጎንህ ሁለት ዓመት ሰላም ያላልከው ጎረቤትህ ተቀምጦ ነው፤ አንተ በሳቅክበት ቦታ እሱም ሲስቅ ትሰማለህ።

ይህ ቀላል ነገር የሚመስለው ሰው እነዚህ ከተሞች ምን እንዳሳለፉ ያስታውስ። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. አምቦ ላይ የሆነውን፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከጊንጪ የተነሣውን፣ ከዚያም ወዲህ የመጣውን ሁሉ። ልጁን የቀበረ አለ፣ የታሰረ አለ፣ የተሰደደ አለ፣ የሚጠራጠር ደግሞ ሁሉም ነው። በዚህ ሁሉ መሀል የከተማው ሰው አንድ ላይ የሚቀመጥባቸውን ቦታዎች ቁጠሩ። የእምነት ቦታውን ተዉት፤ እሱ ለየራሱ ነው። የቀሩት ሁለት ናቸው፤ ለቅሶና ስብሰባ። አንዱ ላይ እናለቅሳለን፣ ሌላው ላይ ይነገረናል። አብረን አይተን፣ አብረን ስቀን፣ ወጥተን በር ላይ «ያ ሰውዬ ግን ልክ ነበር? አልነበረም?» ብለን የምንጨቃጨቅበት ሦስተኛ ቦታ የለንም። መምህሩ በትንንሽ ፊደል «ውይይት አለ» ብሎ የጻፈው ይህንን ነው። አይ፣ ምናልባት ያስፈራውም ይኸው ቃል ይሆናል።

ቋንቋውን ነገር ላልፈው አልችልም። የአማርኛ ቴአትር ቀርጾ ጀልዱ ላይ ማሳየት ብቻ ሥራውን አይጨርስም። ከተመልካቹ ግማሹ አፉን የፈታው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ቪዲዮ ቤት ከፊት ይቀመጥ የነበረው ጎረምሳ የገባው ይህ ነው። በየዞኑ፣ በየዩኒቨርሲቲው፣ በየትምህርት ቤቱ ክበብ የሚሠሩት የአፋን ኦሮሞ ድራማዎች አንድ ቀን ለበዓል ታይተው ይጠፋሉ። ቀድሞ መቀረጽ ያለባቸው እነሱ ናቸው። የገዶ ክበብ የሠራውን ባኮ ይየው፣ የባኮውን ጉደር ይየው።

ገንዘቡስ? መምህሩ ፍላሹ ላይ ያለውን ቴአትር ከየት እንዳመጣው አልጠየቅሁትም፤ መልሱን ስለማውቅ። ይህ መቅረት አለበት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ደራሲና ተዋናይ ያልተከፈለበት ቴአትር ለድሃ ልጅ ቢታይም ስርቆት ነው። ቴአትር ቤቶቻችን ትርኢታቸውን በደህና ካሜራ ቀርጸው ለከተሞች በተመጣጣኝ ዋጋ ያከራዩ፤ ከ20 ብሩ የድርሻቸውን ይውሰዱ። ሰርቆ ማሳየትን የሚያስቀረው ወቀሳ ሳይሆን ገዝቶ የሚያሳዩበት ሱቅ መኖሩ ነው።

ለሹሞቹ ደግሞ የምጠይቀው አዲስ ሕንፃ አይደለም። አዳራሹ አለ፣ ወንበሩ አለ፣ ፕሮጀክተሩም እንዳለ በመስኮት አይቻለሁ። ቅዳሜ ከ8 እስከ 11 ሰዓት፣ ሰው ሳይመሽበት ቤቱ እንዲገባ፣ አዳራሹን ለተመልካች ስጡ። በቃል አይሁን፤ በደብዳቤ፣ በቁጥር፣ በማኅተም። ስብሰባ ማክሰኞም ይደረጋል። ረቡዕም ይደረጋል። እንደማየው ሐሙስም አርብም ይደረጋል።

መምህሩ ሰሞኑን ደውሎልኝ ነበር። አዲስ ፕሮግራም ለጥፏል፤ አሁንም አራት ቅዳሜ፣ አሁንም በ8 ሰዓት፤ መግቢያው ግን 30 ብር ሆኗል። የመጀመሪያው ቅዳሜ የተቀረጸ ቴአትር ነው፤ በዚህኛው ዙር ከደራሲው ፈቃድ በወረቀት ተቀብያለሁ አለኝ፣ ኩራት እየተሰማው። ጋቢ የለበሱት ሽማግሌም «ዛሬ ነው?» እያሉ በየቀኑ ይጠይቁታል አሉ። እኔም እመጣለሁ ብዬዋለሁ፤ ለአክስቴ ለቅሶ እንዳለ አድርጌ ልነግራት ነው።