ቄራው ከመንጋው ቀደመ

ስለ እንስሳት ሀብት በሚጠራ ስብሰባ ሁሉ መክፈቻው አንድ ነው፤ በከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ ነን ይባላል። ቁጥሩ ይከተላል፦ በ2013 ዓ.ም በወጣው የስታቲስቲክስ ኤጀንሲ የናሙና ጥናት 70 ሚሊዮን ከብት፣ 42.9 ሚሊዮን በግ፣ 52.5 ሚሊዮን ፍየል። ቀጥሎ ካርታው ይዘረጋል። ጅዳ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ዱባይ አራት ሰዓት ገደማ ናት፤ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ የሚበሉትን አብዛኛውን ከውጭ ያስገባሉ። ስለዚህ፣ ይላል ተናጋሪው፣ የሚጎድለን ዘመናዊ ቄራ፣ ቀዝቃዛ ማከማቻና በቫኪዩም የታሸገ፣ እሴት የተጨመረበት ሥጋ ብቻ ነው። ጭብጨባ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ይህ አስተሳሰብ ዓመታት ተሞክሯል። ከቢሾፍቱ እስከ ሞጆ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ባቱ አካባቢ ድረስ የኤክስፖርት ቄራዎች ተተክለዋል፤ መሣሪያቸውም የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን የባለቄራዎቹ እሮሮ ከዓመት ዓመት አይለወጥም፦ የሚታረድ የለም። ማረድ የሚችሉትን ያህል አርደው የሚያውቁበት ወቅት ጥቂት ነው። ቡና በ2016 በጀት ዓመት ከ1.4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲያስገባ፣ ሥጋ በደህናው ዓመቱም 100 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነው የሚንፏቀቀው። 95 ሚሊዮን በግና ፍየል አለኝ የሚል አገር ቄራው ፆሙን የሚያድር ከሆነ፣ ስህተቱ ማሽኑ ላይ ሳይሆን ስሌቱ ላይ ነው።

ስሌቱ መንጋን እንደ መጋዘን ዕቃ ይቆጥራል። ለቦረናው፣ ለአፋሩና ለሶማሌው አርብቶ አደር ግን ፍየሉ የባንክ ደብተሩ፣ ኢንሹራንሱና የልጁ ጥሎሽ ነው። ለደገኛው ገበሬ በሬው የእርሻ መሣሪያው ነው፤ በጉም ማዳበሪያ ሲገዛ ወይም ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ የምትነካ ቁጠባ። «አርብቶ አደሩ ከብቱን ይወዳል እንጂ ገበያ አያውቅም» የሚለውን የቢሮ ፍልስፍና እኔ አልቀበለውም። በ2014 ዓ.ም የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ዓመት አሥር ፍየል ሸጦ ብሩን ባንክ ያስቀመጠ ሰውና ፍየሎቹን በግጦሽ ላይ ያቆየ ሰው፣ ገበያ የሚያውቀው የትኛው ነው? አርብቶ አደሩ የሚሸጠው ጤፍ ወይም ስኳር ሲያስፈልገው፣ ደግሞም ሰማዩ ሲደርቅ ነው። ሰማዩ ሲደርቅ ሁሉም ይሸጣል፣ እንስሳው ይከሳል፣ ዋጋው ይወድቃል። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ መንጋውን መልሶ ለማብዛት ይይዛል። ቄራው ግን በየቀኑ እኩል ቁጥር ያለው እርድ ይፈልጋል። ይህን ክፍተት የትኛው ማሸጊያ ይሞላዋል?

ስለ ጣዕምም እናውራ። የእኛ ገበያ የሚያደንቀው ሙክት ነው፤ ተቀጥቅጦ ወይም ተኮላሽቶ፣ ወራት ተቀልቦ፣ ጀርባው ላይ ስቡ የሚታይ። ለፋሲካና ለገና ለዚህ በግ ከተሜው ኪሱን ይገለብጣል። የባሕረ ሰላጤው ገዢ የሚፈልገው ግን ተቃራኒውን ነው፦ ወጣት፣ ቀላል፣ ስቡ የሳሳ ወጠጤና ጠቦት፣ ሳይቆራረጥ፣ በረዶ ሳይሆን ቀዝቅዞ ብቻ በአውሮፕላን የሚደርሰው። ወጠጤውን ዛሬ ለቄራ የሚሸጥ አርቢ፣ ነገ ሙክት አድርጎ በበዓል የሚያገኘውን ትርፍ እየተወ ነው። ይህን የሚያካክስ ዋጋ ቄራው ካልከፈለ፣ አርቢው የሚቀርበት ምክንያት ግልጽ ነው። ቄራዎቹ በዓቢይ ጾም ትንፋሽ የሚያገኙትም የአገር ቤት ገዢ ለሁለት ወር ያህል ከገበያው ስለሚወጣ ነው። እንግዲህ የኤክስፖርት ስትራቴጂያችን እስትንፋስ የቆመው በሑዳዴ ላይ ነው ማለት ነው። እሴት የተጨመረበት ቁርጥራጭ ሥጋ የሚለውንም በዚሁ ዓይን ማየት ይቻላል፤ ገዢው ያልተቆራረጠ ሙሉ እርድ እየጠየቀ እኛ ሳጥን እናቀርብለታለን።

ከሁሉ የሚያስቆጨኝ ግን የሥጋው መጥቆር ነው። ባለቄራዎች የደጋ በግ ሥጋ ቶሎ ይጠቁራል ብለው ይሸሹታል፤ ዓይናቸው ቆላው ላይ ነው፤ ሰውነቱ ነጭ፣ ራሱ ጥቁር የሆነውን የሶማሌ በግና የቦረናን ፍየል ይመርጣሉ። ስለዚህ ከ40 ሚሊዮን በላይ ከሚሆነው በግ ብዙው ከጨዋታው ውጭ ነው፤ በስብሰባው መክፈቻ ግን አሁንም ይቆጠራል። የተመረጠው የቆላ እንስሳም ቢሆን በሰላም አይደርስም። ከዱብሉቅ ወይም ከሀሮበኬ ገበያ ተገዝቶ፣ በአይሱዙ ታጭቆ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሞጆ ይገባል። ጠምቶት፣ ተራቦ፣ ተረጋግጦ፣ ደንግጦ። የሥጋ ሳይንስ የሚለው የታወቀ ነው፦ ከመታረዱ በፊት የደከመና የተጨነቀ እንስሳ ጡንቻው ውስጥ ያከማቸውን ኃይል ይጨርሳል፤ ከሞተ በኋላ ሥጋው እንደሚገባው ወደ አሲድነት አይወርድም፤ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ቶሎም ይበላሻል። ቢላው ከመንካቱ በፊት ጥራቱ መኪና ላይ አልቋል። ምርጡን የጀርመን ማቀዝቀዣ ብትተክሉ ያንን አይመልስም። በመንገድ ላይ ውሃና መኖ ያለበት ማረፊያ ግን ይመልሳል። ለማረፊያ ግርግም ሪባን ለመቁረጥ የሚመጣ ሹም የለም፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው።

ግጦሹስ? አዋሽ ሸለቆ ውስጥ የአፋር ከብት በበጋ የሚጠጋበትን ለም ዳርቻ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጥጥ ወሰደው፣ በኋላ ስኳር ተከተለ። ለበረሃ መከላከያ ተብሎ የገባው ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ ደግሞ የቀረውን እየዋጠው ነው። ቦረና ላይ በደርግ ዘመን የግጦሽ ቃጠሎ በመከልከሉ ሣሩን ቁጥቋጦ በላው። ቱላ የሚባሉትን ጥልቅ ጉድጓዶች የውሃ ተራ በተራ አስከባሪው በአባ ሄሬጋ የሚያስከብር ሥርዓት ያለው ሕዝብ፣ ስለ ግጦሹ ምክር ሲሰጥ የሚሰማው አጥቷል። ከ2020 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አምስት ዝናብ ተከታትሎ ሲጠፋ በሚሊዮን የሚቆጠር እንስሳ አለቀ። አንድ እጃችን ሣሩን ሲነቅል ሌላው ቄራ ይመርቃል።

እንስሳው በድንበር የሚወጣበትን ኮንትሮባንድ በፖሊስ ብቻ እንፈታለን የሚለው ሐሳብ ደግሞ ያስቀኛል። የሶማሌ ነጋዴ እንስሳውን በበርበራ በኩል ወደ ሳዑዲ መንዳት የጀመረው ከማንኛውም ፖሊሲያችን በፊት ነው። በጨርቅ ሥር በጣት ተደራድሮ ይገዛል፣ በታመነ ወዳጅ ይልካል፣ በዋጋው ሩዝ፣ ፓስታና ልብስ ያስገባል። ሕጋዊው ላኪ ዶላሩን በመንግሥት ተመን ለባንክ ሲያስረክብ በነበረበት ዘመን፣ ሕገ ወጡ ለአርቢው ከፍ ያለ ዋጋ መክፈል መቻሉ ተአምር አልነበረም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም ብሩ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ይህን ልዩነት አጥብቦታል። ነጋዴው ለአርቢው የሚሰጠው መተማመንና ፈጣን ክፍያ ግን በአዋጅ አይተካም።

«ታዲያ ቄራ ከናካቴው አይሠራ ልትል ነው?» የሚል አለ። አይደለም። በቁሙ የሚሄድ እንስሳ ቆዳውንም ሥራውንም ይዞ ይሄዳል፤ ይህ እውነት ነው። ግን እዚሁ የሚታረደው ቆዳስ የት ይደርሳል? በፋሲካና በአረፋ ማግስት አዲስ አበባ መንገድ ዳር የተጣለውን ያየ ይመልስ።

ዘመናዊ ቄራና ማሸጊያ ፈጠራ ከተባለ፣ እውነተኛውን ፈጠራ ይህች አገር አይታዋለች። ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ በምኒልክ ዘመን ክፉ ቀን አምጥቶ የአገሩን በሬ ጨርሷል። ከመቶ ዓመት በኋላ መንግሥት አፋር ውስጥ በክትባት ዘመቻ ሲታገል ኖሮ ሳይሳካለት ቆየ፤ ማቀዝቀዣ እዚያ በረሃ አይደርስም። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሙቀት የሚቋቋም ክትባት ለሠለጠኑ የአፋር አርብቶ አደሮች ተሰጠ፤ በእግራቸው ከመንጋ መንጋ እየሄዱ ከተቡ። በሽታው ጠፋ። ኢትዮጵያ በ2008፣ ዓለም በሙሉ በ2011 (እ.ኤ.አ.) ነፃ ተባለ። ሌላም አለ፦ ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቦረና ላይ የሣሩን አረንጓዴነት በሳተላይት ለክቶ፣ ሣሩ ሲደርቅ ለአርብቶ አደሩ የሚከፍል መድን ተሞክሯል። እንስሳው ሳይሞት በፊት ገንዘብ ከደረሰ ሰው መኖ ይገዛል፣ መንጋውን ያተርፋል፣ በችግር ዋጋ አይሸጥም። ለቄራው ቋሚ አቅርቦት የሚመጣው ከዚህ እንጂ ከማሸጊያ አይደለም።

ገዢዎቻችንም ይህን ከእኛ ቀድመው ተረድተዋል። ሳዑዲ ዓረቢያ ከ2000 እስከ 2009 (እ.ኤ.አ.) በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት የአፍሪካ ቀንድን እንስሳ አግዳ ነበር፤ ያኔ ስንት አርቢ እንደተንኮታኮተ ቦረናና ጅጅጋ ያስታውሳሉ። ገዢው ግን በርሃብ አልተቀመጠም። የራሱን የከርሰ ምድር ውሃ በመኖ ከጨረሰ በኋላ ትልቁ የወተት ኩባንያው አልፋልፋ ለማብቀል አሪዞና ድረስ ሄዶ መሬት ገዛ፤ የመንግሥቱ የግብርና ኩባንያ ደግሞ በብራዚሉ የሥጋ ላኪ በሚነርቫ ባለ ድርሻ ሆነ። መኖን፣ ውሃንና መንጋን ነው የገዙት። እኛ ደግሞ እነሱ የማይጎድላቸውን የእርድ አዳራሽ እናሳያቸዋለን።

አውስትራሊያ በ2024 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው ሕግ ከግንቦት 2028 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በግ በቁሙ በመርከብ መላክ ትከለክላለች፤ ለሳዑዲ ገበያ ትልቅ አቅራቢ የነበረችው ሱዳንም በጦርነት ላይ ናት። ገበያው ይከፈታል። የግብርና ሚኒስቴር እስከዚያ ድረስ አዲስ የኤክስፖርት ቄራ ፈቃድ መስጠቱን ያቁም፤ ያሉት ይበቃሉ። ለአዲስ ቄራ ሊወጣ የነበረው ገንዘብ ከያቤሎ እስከ ሞጆ ባለው መንገድ ላይ ለሚሠሩ ማረፊያዎች፣ ፕሮሶፒስን ለመንቀል፣ ለበግና ፍየል ክትባት ይዋል። ባለቄራዎችም ወጠጤውን በዓይን ግምት ሳይሆን በሚዛን፣ በዚያው ቀን ገንዘብ ይግዙ። ይህ ሳይሆን የሚመረቅ ቄራ ሁሉ ባዶውን ይቆማል።