የሞተው መስመር ባለቤት ይኑረው

ርዕሰ አንቀጽ

በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በሱሉልታና በተፍኪ የምትኖሩ መራጮች ሆይ፣ በየሰፈራችሁ የቀረችውን ጥቂት የሕዝብ ሜዳና መናፈሻ አንድ ጊዜ በትኩረት ተመልከቱ። ሽቦው የተቆረጠ የስልክ እንጨት፣ ትራንስፎርመሩ ወርዶለት ብቻውን የቀረ የብረት ማማ፣ በሩ የተገነጠለ የኬብል ሣጥን፣ ውሃ መስጠት ካቆመ ዓመታት ያስቆጠረ ቦኖ፣ ክዳኑ የጠፋ የቫልቭ ጉድጓድ፤ ከእነዚህ አንዱን እንኳ የማታገኙ ብትኖሩ ጥቂቶች ናችሁ። ሲተከሉ ለአገልግሎት ነበር። አገልግሎቱ ሲቆም ግን የተከላቸው መሥሪያ ቤት ቦታውን ለሕዝብ አልመለሰም።

ጉዳዩ የውበት ብቻ አይደለም። የበሰበሰ እንጨት በነፋስ ይወድቃል፤ የተረሳ መወጠሪያ ሽቦ በምሽት ሰው ይጥላል። በተፍኪ ሜዳ ደግሞ በክረምት የአዋሽ ውሃ ሲተኛበት ክፍት ጉድጓድና ደረቅ መሬት አይለዩም። ልጆች የሚጫወቱበትና አዛውንቶች የሚያርፉበት ቦታ በየቀኑ አደጋ የሚጠብቅበት ሊሆን አይገባም። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል። ይህ መብት ለፋብሪካ ጭስ ብቻ ሳይሆን ለሰፈር ሜዳም ይሠራል።

እነዚህ ነገሮች ለምን አይነሡም? ዋናው ምክንያት የገንዘብ እጥረት ሳይሆን የባለቤትነት መጥፋት ነው። የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በ2003 ዓ.ም. በኢትዮ ቴሌኮም ተተካ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሎ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልና የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሆነ። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታም በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለሉ። በቡራዩ በኩል ያለው የገፈርሳ ግድብ እንኳ ውሃውን ወደ አዲስ አበባ የሚልክ፣ በአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን የሚተዳደር ነው። መሥሪያ ቤት በፈረሰና በተዋቀረ ቁጥር የሚሠራው ንብረት ተረካቢ ያገኛል፤ የሞተው ግን በመካከል ይቀራል። ነዋሪው ሲጠይቅ አንዱ ወደ ሌላው ይልከዋል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ እንዲሉ፣ የሕዝብ ሜዳ እንዲህ የሚደፈረው ባለቤቱ ሕዝብ ስለተናቀ ነው።

ሕጉም ክፍተት አለበት። ስለ መሬት ማስለቀቅና ካሣ የወጣው አዋጅ ቁጥር 455/1997 እና እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የአገልግሎት መስመሮች የሚነሡበትን ሥርዓት ደንግገዋል። ሥርዓቱ የሚጀምረው ግን መሬቱን ለልማት የሚፈልግ አካል ጥያቄ ሲያቀርብ ነው። መንገድ ወይም ሕንፃ ሲመጣ መስመሩ ይነሣል፤ ሕዝቡ ሜዳውን እንደ ሜዳ ብቻ ሲፈልገው ግን ጥያቄ አቅራቢ የለም። በሌላ በኩል የቴሌኮምና የኤሌክትሪክ መረቦችን ከጉዳት ለመጠበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 464/1997 አለ። ይህ አዋጅ የሚሠሩትን መስመሮች ለመጠበቅ አስፈላጊ ነው። ሆኖም የሞተ ምሰሶን ለመንቀል ያሰበ የቀበሌ ኃላፊ ወይም ነዋሪ መስመሩ መሞቱን በጽሑፍ የሚያረጋግጥለት ስለሌለ እጁን ቢሰበስብ አይፈረድበትም።

ባለንብረቶቹ መሥሪያ ቤቶች ግን ዝምታው ነፃ ያወጣቸዋል ብለው ካሰቡ ተሳስተዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1444 እስከ 1459 ባሉት ድንጋጌዎቹ ለሕዝብ አገልግሎት የተመደበን ንብረት ከማንኛውም ተራ ንብረት ለይቶ ይጠብቃል። አንቀጽ 2069 ደግሞ ከፍተኛ ኃይል ያለው የኤሌክትሪክ መስመር በመዘርጋት ሌላውን ለአደጋ ያጋለጠ ወገን ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ እንደሚሆን፣ አደጋውን ያመጣው መንግሥት ቢሆንም ከዚህ እንደማያመልጥ ይደነግጋል። በመሆኑም የሕጉ መንፈስ ግልጽ ነው፤ አደገኛ ነገር የተከለ ይጠየቅበታል።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ መብራት በሚጠፋበት፣ ወጣቱ ሥራ ባጣበት ከተማ ስለ አሮጌ ምሰሶ ማውራት ቅንጦት ነው የሚሉን ይኖራሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ቀላል ነው። የሞተውን መስመሩን የት እንዳለ የማያውቅ መሥሪያ ቤት የሚሠራውንም በቅጡ አያውቅም። የደረቀው ቦኖ ያልተነሣበትም ሆነ ያልተጠገነበት ምክንያት አንድ ነው፤ ተጠያቂ ሰው የለም።

ያረጀ ሁሉ ይፍረስ ማለታችን ግን አይደለም። በአቃቂ ወንዝ ላይ የሚገኘው የአባ ሳሙኤል የኃይል ማመንጫ ለአሥርት ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. 6.6 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ወደ ሥራ ተመልሷል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አገልግሎት ያቆሙ ቀይ የስልክ ዳሶችን የአካባቢ ማኅበረሰቦች በአንድ ፓውንድ እየተረከቡ ለመጻሕፍት ማስቀመጫና ለመሳሰሉት አውለዋቸዋል። የሚጠገን ይጠገን፣ ታሪክ ያለው ይጠበቅ፣ የቀረው ይነሣ። ሦስቱንም ለመወሰን ግን ቅድሚያ መመዝገብ ያስፈልጋል።

አነሣሡም ጥንቃቄ ይሻል። አንዳንድ አሮጌ ትራንስፎርመሮች ውስጥ ያለው ዘይት ፒሲቢ የተባለ መርዛማ ኬሚካል ሊኖርበት ይችላል። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የስቶክሆልም ስምምነት እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ከአገልግሎት እንዲወጡ፣ ዘይቱና ቆሻሻውም እስከ 2028 እ.ኤ.አ. ደኅንነቱ በተጠበቀ መንገድ እንዲወገድ የጊዜ ገደብ አስቀምጧል። ስለዚህ ሥራው ለቆራሌው የሚተው አይደለም።

ፓርቲያችን የሕዝብ ድምፅ ካገኘ የሚከተሉትን ይፈጽማል፦

አንደኛ፣ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በሕዝብ ሜዳና መናፈሻ ያሉ አገልግሎት ያቆሙ ምሰሶዎች፣ ሣጥኖች፣ ቦኖዎችና ጉድጓዶች ተቆጥረው ከነባለቤታቸው ስም በየቀበሌው ይለጠፋሉ፤ ክፍት ጉድጓዶች ግን ቆጠራው እስኪያልቅ ሳይጠበቅ ይከደናሉ።

ሁለተኛ፣ ባለቤት የሆነው መሥሪያ ቤት እንዲጠግን፣ እንዲያስረክብ ወይም እንዲያነሣ የጊዜ ገደብ ያለው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል።

ሦስተኛ፣ ገደቡ ካለፈ መስመሩ የሞተ መሆኑን ባለሙያ አረጋግጦ ከተማው እንዲያነሣው፣ ወጪውንም ከባለቤቱ እንዲያስከፍል የሚፈቅድ የሕግ ማሻሻያ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እናቀርባለን።

አራተኛ፣ የሚገኘው ብረትና መዳብ በግልጽ ጨረታ ተሽጦ ገቢው ለዚያው መናፈሻ ዛፍ፣ መቀመጫና መብራት ይውላል፤ ሒሳቡም ለነዋሪው ይነበባል።

አምስተኛ፣ ከእንግዲህ በሕዝብ ቦታ ላይ የሚቆፍር ወይም የሚተክል ማንኛውም ተቋም አገልግሎቱ ሲያበቃ ቦታውን እንደነበረ ለመመለስ ዋስትና ያስይዛል።

የተከበራችሁ መራጮች፣ በአዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው የኮሪደር ልማት መንግሥት ከፈለገ ምሰሶ ነቅሎ መስመርን ከመሬት በታች ለመቅበር ጊዜ እንደማይፈጅበት አሳይቷል። በዚያው ሥራ ብዙ ነዋሪዎች በአጭር ማስጠንቀቂያ ከኖሩበት ሰፈር ተነሥተዋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 92 ሕዝብ በአካባቢው ጉዳይ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ሲደነግግ ውሳኔ ካለቀ በኋላ ተሰብስቦ ማጨብጨብን ማለቱ አይደለም። እኛ የምናነሣው የሞተውን ምሰሶ እንጂ ሕያው ነዋሪን አይደለም። ከአካባቢው ነዋሪ ጋር ሳንመክር የምንነቅለው አንድም ችካል አይኖርም።

ዕጩዎች ወደ ሰፈራችሁ ሲመጡ፣ የእኛንም ጨምሮ፣ ወደ ሜዳው ወስዳችሁ የተረሳውን ምሰሶ አሳዩአቸው። ማን እንደሚያነሣው፣ መቼ እንደሚያነሣው፣ በምን ገንዘብ እንደሚያነሣው ጠይቋቸው። ለሦስቱም ጥያቄዎች መልስ ላለው ድምፃችሁን ስጡ።