የሚጠብቅ ሰው ምን ይሠራል?

ለዛሬ ስለ ፓርቲም ሆነ ስለ ምርጫ ቦርድ አልጽፍም። የምጽፈው ስለ ጾም ነው። «ይሄ ሰውዬ ደግሞ መነኮሰ እንዴ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይበል። አንብቦ ሲጨርስ ፖለቲካ መሆን አለመሆኑን ራሱ ይፍረድ።

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፣ ታኅሣሥ 29 በገና ይፈታል (በዘመነ ዮሐንስ በ28)። ነቢያት ይመጣል ያሉትን እየጠበቁ የጾሙት ጾም ነው። ወደ ገና ሲቃረብ ያሉት ሦስት እሑዶች ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ ይባላሉ። በመጀመሪያው መምጣቱ ይሰበካል፣ በሁለተኛው በጨለማ ያሉ ብርሃን ይለምናሉ፣ በሦስተኛው የተበተነ መንጋ እረኛ ይጠይቃል። እዚህ ሚኒሶታ፣ የሉተራኖች አገር፣ ፈረንጆቹም ከገናቸው በፊት አራት እሑድ ይጠብቃሉ። ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት ጡረተኛ ሴት በየሳምንቱ አንድ ሻማ እየጨመሩ ያበራሉ። እኛ ከአርባ ቀን በላይ ሥጋና ቅቤ እንደማንበላ ስነግራቸው በጣም ገረማቸው።

እንግዲህ መጠበቅን በተመለከተ እኛ ስደተኞች ባለሙያዎች ነን። እኔ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ አገሬን ለቅቄ በናይሮቢ በኩል ሴንት ፖል ስገባ ሻንጣዬን በቅጡ አልፈታሁም ነበር። የሚመጣውን መስቀል አገር ቤት፣ ካልሆነም ጥምቀትን! ስንት ጥምቀት አለፈ። 2010 ዓ.ም. ሲደርስ የጠበቅነው የመጣ መሰለን። በዚያ ክረምት ሁለቱ ሲኖዶሶች ዋሽንግተን ላይ ታረቁ፣ አቡነ መርቆሬዎስም ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ከቆየ ስደት በኋላ አገራቸው ገቡ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደ ሕፃን አለቀስን። ሻንጣውን እኔም ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁት።

ከዚያ የሆነውን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 የሰሜኑ ጦርነት ተነሣ። በፕሪቶሪያ ስምምነት በኖቬምበር 2022 ቆመ ሲባል፣ ዓመት ሳይሞላ አማራ ክልል በሌላ ጦርነት ውስጥ ገባ። ቤዛ ኩሉ የሚዜምባት ላሊበላ ራሷ በ2021 ከአንዱ ታጣቂ ወደ ሌላው ስትገለባበጥ ከረመች፣ ከሁለት ዓመት በኋላም ተኩስ ተመለሰባት። በዚህ ላይ ለብዙ ረሃብተኛ ስንዴ ያቀርብ የነበረው ዩኤስኤይድ በጁላይ 2025 ተዘጋ። ሻንጣውም ወደ አልጋ ሥር ተመለሰ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። በ2018 ዓ.ም. ጾም፣ ማለትም በዲሴምበር 2025፣ የፌዴራሉ መንግሥት የኢሚግሬሽን ፖሊሶችን በብዛት ወደ መንትዮቹ ከተሞች አሰማራ። በዚያው ወር ለኢትዮጵያውያን በ2022 በጦርነቱ ምክንያት የተሰጠው ቲፒኤስ የተባለው ጊዜያዊ ከለላ እንደሚነሣ፣ የ60 ቀን ጊዜ ብቻ እንደቀረ ተነገረ። የብርሃን እሑድ ዲሴምበር 28 ላይ ዋለ። ቅዳሴ ስገባ የሴቶቹ ወገን ግማሹ ባዶ ነበር። ወረቀት ያለው እንኳ ፓስፖርቱን በነጠላው ሥር ይዞ ነው የመጣው።

ያን ዕለት ማታ በሬ ተንኳኳ። ከእኔ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብላ የምትኖር የወሎ ልጅ ናት። ሦስት ዓመት አንድ ሕንፃ ውስጥ ኖረናል፤ እኔ ግን ኢትዮጵያዊት መሆኗን እንጂ ስሟን እንኳ አላውቅም ነበር። ሆቴል ታጸዳ ነበር፣ ለሁለት ሳምንት ከቤት አልወጣችም። «ጋሼ፣ እርስዎ ይጽፋሉ አሉ። ለጠበቃ የምሰጠው ደብዳቤ ይጽፉልኛል?» አለችኝ።

ወገኖቼ፣ እኔ በዚህ ዓምድ ስንት ዓመት ስለ ሕዝብ ጽፌአለሁ? ስለ ወሎ ሕዝብ ስቃይ ስንት አንቀጽ ደረደርኩ? ሕዝቡ ደረጃውን ወርዶ ሲወጣ ሰላምታ አልሰጠሁትም። ለድጋፍ ሰልፍ አውቶቡስ ተከራይተን ዋሽንግተን ስንሄድ የማንሰስት ሰዎች፣ ለአንዲት እህት የጠበቃ ገንዘብ ለማዋጣት ኮሚቴ፣ ከዚያ የኮሚቴው ኮሚቴ እንፈልጋለን።

ይህን ሳስብ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ትዝ ይሉኛል። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ጉዲና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተማሩት እዚሁ ሴንት ፖል፣ ሉተር ሴሚናሪ ነው። በ1972 ቤተ ክርስቲያናቸው ለምዕራባውያን ለጋሾች ባቀረበችው ታዋቂ ጽሑፍ፣ ሰው ነፍሱ ለወንጌል፣ ሆዱ ለልማት ተብሎ እንደማይከፈል አስረግጣ ነገረቻቸው። ደርግ ሲያሳድዳቸው አገር ጥለው እንዲወጡ ቢጠየቁም እምቢ አሉ። በጁላይ 1979 ተይዘው ተገደሉ። በዚያው ዓመት ደርግ የእኛን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስንም ገደለ። የሁለቱም አጽም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። የጉዲና ባለቤት ወ/ሮ ጸሐይ ቶሎሳ ወደ አሥር ዓመት ታስረው ተሰቃዩ። እኛ ኦርቶዶክሶች የእኚህን ሰው ስም እንደሚገባ አናነሣም፤ «የእነሱ ናቸው» እንላለን። እኔም እል ነበር። እሳቸው ምን እንደጠበቁ አላውቅም ልል አልችልም፤ ሲጠብቁ ግን ቁጭ አላሉም። እኔ እንደወጣሁ በመውጣታቸው የተረፉትን አልነቅፍም፣ ራሴን ነውና የምነቅፈው። የምጠይቀው ወጥተን ምን ሠራን ብዬ ነው።

በሳምንቱ ጎረቤቴ ሻማ አብሪዋ የአስቤዛ ከረጢት ይዘው መጡ። በዚያን ሰሞን ከቤት መውጣት ለፈሩ ቤተሰቦች ምግብ የሚያደርሱ አብያተ ክርስቲያናትና ጎረቤቶች ብዙ ነበሩ። ከረጢቱን ስከፍት ምስር፣ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ሩዝ። ቅቤም ወተትም የለበትም። ጾማችንን አልረሱትም። ይዘን ሁለት ፎቅ ወረድን።

ገና ረቡዕ ጃንዋሪ 7 ቀን 2026 ዋለ። ሌሊቱን ቆመን አድረን፣ ጠዋት ፈስከን፣ ዶሮው ገና ከገበታ ሳይነሣ ስልኮች ጮኹ። በደቡብ ሚኒያፖሊስ አንድ የኢሚግሬሽን ፖሊስ ረኔ ጉድ የተባለች የሦስት ልጆች እናት መኪናዋ ውስጥ ሳለች ተኩሶ ገደላት። ጆርጅ ፍሎይድ በሜይ 2020 ከሞተበት አደባባይ አንድ ማይል አይሞላም። ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። አንድ አዛውንት ብቻ «ሄሮድስም እኮ በዚሁ በገና ሰሞን ነው» ብለው ሹካቸውን አስቀመጡ።

ማታ ቤት ስገባ ደብዳቤው ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ስምንት ገጽ ጽፌ፣ እንደ ልማዴ ግማሹ ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ ሆኖ፣ ስሰርዝ ስሰርዝ ሁለት ገጽ ቀርቶታል። ለእህቴ ላነብላት ወረድኩ። በሩን ሳትከፍት በፊት «ማነው?» አለች፤ ድምፄን ስትለይ ሰንሰለቱ ሲወልቅ ሰማሁ። ድፎ ዳቦ ደፍታ ነበር። አነበብኩላት፣ ሁለት ቦታ አረመችኝ፤ የመንደሯን ስምና አባቷ የሞቱበትን ወር። ቀኑን ታኅሣሥ 29 ብዬ ጽፌው ኖሮ «ጋሼ፣ እነሱ ይሄን አያውቁትም» አለችኝ። ሰርዤ ጃንዋሪ 7 አልኩት።